ዩኒፎርሙን ያወለቀ ወታደር ሐኪም አይጣ!

የተከበራችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ከተማ መራጮች!

ወሎ ለጦርነት ልጆቹን ሰጥቷል፤ ጦርነትም ደጁ ድረስ መጥቶበታል። በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ከ4 መቶ ሺህ በላይ የቀድሞ ሠራዊት አባላት ተበተኑ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ደግሞ ሌላ ትውልድ ዘመተ። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ ደሴና ኮምቦልቻ በህወሓት ኃይሎች ተይዘው ቆዩ፤ የደሴ ሆስፒታልም ተዘረፈ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ። ዓመት ሳይሞላው በክልላችን ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ።

ከእነዚህ ሁሉ የተመለሱት ሰዎች ጎረቤቶቻችን ናቸው። እግሩን ወይም ዓይኑን ያጣውን ሁላችንም እናየዋለን። ሌሊት እየጮኸ የሚነሳውን፣ በር ሲንኳኳ የሚደነብረውን፣ የገበያ ግርግር የሚሸሸውን፣ እንቅልፍ ፍለጋ መጠጥ ቤት የሚያመሸውን ግን "ጠባዩ ተበላሸ" ብለን እናልፈዋለን። ይህ ሰው ፈሪም ሰነፍም አይደለም። ሕመምተኛ ነው። ሕመሙም በሕክምና የታወቀ፣ ስም ያለውና የሚታከም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት በግጭት ውስጥ ባለፉ አካባቢዎች ከሚኖሩ ከ5 ሰዎች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ጥይት የተኮሰና የተተኮሰበት ሰው ሸክሙ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ሰው ወዴት ይሂድ ነው። በሠራዊቱ ውስጥ ሳለ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ነበረለት። ሲሰናበት ግን እንደማንኛውም ሲቪል ወረፋ ለመያዝ ሊገደድ ይችላል። ሚሊሻውና በፈቃዱ የዘመተው ወጣት ደግሞ የቋሚ ሠራዊት አባል ስላልነበረ የሚያሳየው ወረቀት እንኳ ላይኖረው ይችላል። ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው አማኑኤል ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የደሴ ሆስፒታል ከደቡብ ወሎ አልፎ የሰሜን ወሎንና የአፋርን ሕመምተኛ ጭምር የሚቀበል ነው። በየቤቱ የተደበቀውን የጦርነት ሕመም ሁሉ እሱ ብቻውን ይሸከም ማለት ፍትሕ አይሆንም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን በአካልና በአእምሮ ጉዳት የደረሰባቸውን ዜጎች እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ያዛል። ኢትዮጵያም የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ስለዚህ የምንጠይቀው ምጽዋት ሳይሆን መብት ነው።

በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ አቅዷል። ትጥቅ ማስፈታት ተገቢ ነው። ነገር ግን ጠመንጃውን ተቀብሎ ቅዠቱን ለሚስቱና ለልጆቹ መተው ግማሽ ሥራ ነው።

በመሆኑም ፓርቲያችን የሚከተለውን ያቀርባል።

አንደኛ፣ በደሴ ሆስፒታል ለጦርነት የአእምሮ ጉዳት የተለየ ክፍል፣ በደሴና በኮምቦልቻ ጤና ጣቢያዎች ደግሞ ቋሚ የሕክምና ቀን እንዲኖር እናደርጋለን። ይህ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ አምስት ሳምንታዊ ቆይታ ያለው የምክር አገልግሎት ልዩ ሐኪም ባልሆኑ፣ ነገር ግን በሠለጠኑ ሰዎች የሚሰጥ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ትምህርት ክፍል እዚሁ ደሴ አለ፤ ሥልጠናውን ለመስጠትና ከበድ ያለውን ሕመምተኛ ለመቀበል ከእሱ የቀረበ የለም።

ሁለተኛ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ ጎረቤታችን ተሁለደሬ ነበረች። አቅም የሌለው የቀድሞ ተዋጊና ቤተሰቡ መዋጮው በመንግሥት ተሸፍኖለት በዚሁ መድን እንዲታቀፍ እናደርጋለን።

ሦስተኛ፣ የጡረታና የጉዳት ጥያቄ የሚያይ የሕክምና ቦርድ በተወሰነ ጊዜ ደሴ ላይ እንዲቀመጥ፣ ዘግይቶ የወጣ የአእምሮ ጉዳትም "ለምን ያኔ አልተናገርህም?" ተብሎ እንዳይጣል የሕግ ማሻሻያ እናቀርባለን። ወረቀት ለሌለው ሚሊሻ የቀበሌውና የጓዶቹ ምስክርነት በቂ ይሁን።

አራተኛ፣ ጠበል የወሰደውን ወይም ዱዓ ያስደረገውን ቤተሰብ አንነቅፍም። ከካህናቱና ከሼሆቹ ጋር ተነጋግረን ጸሎቱ መድኃኒቱን እንዳያስቋርጥ፣ ሕመምተኛም በሰንሰለት እንዳይታሰር እንሠራለን።

"ሲቪሉስ አልተጎዳም ወይ?" የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ እናውቃለን፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። የሚከፈተው በር ለተደፈረችው እህት፣ ልጁ ለተገደለበት አባት፣ ለተፈናቀለው ሁሉ ክፍት ይሆናል። ከሲቪል ጤና ተቋም እንዲሆን የምንፈልገውም ለዚህ ነው። በዚያ በር የሚገባ ሰው የዘመተው በየትኛው መንግሥት፣ የተሰለፈው በየትኛው ወገን እንደሆነ አይጠየቅም። በ1983 ዓ.ም. የተበተነውን "የደርግ ወታደር" ብሎ መግፋት ለማንም አልጠቀመም፤ ያ ስህተት በሌላ ስም እንዲደገም አንፈቅድም።

"በጀት ከየት?" ለሚሉንም መልስ አለን። ያልታከመ ሕመም ነፃ አይደለም። ሥራ ያቆመ አባወራ፣ የተበተነ ትዳር፣ ትምህርት ያቋረጠ ልጅ፣ በፖሊስና በፍርድ ቤት የሚያልቅ ጠብ፣ ሁሉም ዋጋ አለው። የምንከፍለው እኛው ነን።

የተከበራችሁ መራጮች! ድምፅ ሊጠይቃችሁ የሚመጣውን እጩ ሁሉ፣ የእኛንም ጨምሮ፣ "ከጦርነት ለተመለሰው ልጃችን ምን አዘጋጅታችኋል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን መዝኑ፤ ከዚያ ምረጡ።

ለአገሩ የዘመተ በአገሩ ይታከም!
ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!