በገና ማለዳ ስለ መኪና መስተዋት

በረዶን ከመኪና መስተዋት መፋቅ የሚኒያፖሊስና የዴንቨር ወገኖቻችን ዕጣ ነው እንጂ በሎስ አንጀለስ ለምንኖረው አይመለከተንም የሚለው አሳብ በሰፈራችን ሥር ሰድዶ ስለሚኖር፣ በታኅሣሥና በጥር ማለዳ ከፌርፋክስ ጎዳና እስከ ፒኮ ሮበርትሰን ድረስ ስንቱ መኪና መስተዋቱ በጤዛ ተሸፍኖ፣ አንዳንድ ጊዜም በስስ አመዳይ ነጥቶ፣ ነጂው በእጅጌው ጠርጎ ባበጃት መዳፍ በምታህል ቀዳዳ ብቻ እየተመለከተ ወደ ዐቢይ መንገድ እንደሚወጣ ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን ይህች ቀዳዳ የሥነ ምግባር ጉዳይ ናት እላለሁ፤ ምክንያቱም ነጂ በመንገድ ላይ የሚያየው ለራሱ ብቻ ሳይሆን በፊቱ ለሚያቋርጠው ሕፃንና ሽማግሌ ጭምር ስለሆነ፣ ከመስተዋቱ ሳይጠርግ የተወው ክፍል ሁሉ ከባልንጀራው ደኅንነት የተቀነሰ ነው።

የከተማችን አየር በባሕሩ ቅርበት የተነሣ ለስላሳ መሆኑ እውነት ነው። በመካከለኛው የከተማው ክፍል ተመዝግቦ የሚገኘው እጅግ ዝቅተኛ መጠነ ሙቀት 28 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲሆን፣ ይህም ከታየባቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ በከተማዋ ላይ በረዶ በወረደበት በጃንዋሪ 1949 ነው። የመኪና መስተዋት ግን የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው አየር መጠን ብቻ አይደለም፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱም ጸጥ ብሎ ባደረበት ሌሊት፣ ወደ ሰማይ ያዘነበለው የፊት መስተዋት ሙቀቱን ያለ ከልካይ ወደ ጠፈር ሲልክ ስለሚያድር፣ አየሩ ገና ከዜሮ በላይ ሁለትና ሦስት ዲግሪ ሳለ እርሱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ያን ጊዜም በአየሩ ውስጥ ያለው እንፋሎት መስተዋቱ ላይ ሲያርፍ አመዳይ ይሆናል። ስለዚህ ነው በሰፈራችን ከአሮጌዎቹ ባለ ሁለት ፎቅ ቤቶች ሥር፣ በምሰሶ ከተደገፈው ፎቅ በታች ያደረው መኪና ደረቅ ሆኖ ሲነጋለት፣ ከእርሱ ጥቂት እርምጃ ርቆ በመንገድ ዳር ያደረው ነጭ ለብሶ የሚገኘው፤ ጣሪያው ሙቀቱ ወደ ሰማይ የሚሸሽበትን መንገድ ይዘጋበታልና።

ይህን የተፈጥሮ ሕግ የሰሜን ሸዋ ገበሬ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ ዝናቡ አልፎ ሰማዩ ከጠራበት ከጥቅምት ወር ጀምሮ፣ ከባዱ ቀዝቃዛ አየር በሌሊት እንደ ውሃ እየፈሰሰ ወደ ረባዳው ሜዳ ይወርድና በዚያ ያለውን የባቄላ ማሳ ሲያጠቁረው፣ በተረተሩ ላይ የተዘራው ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ከዚያም ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው በጣርማ በር፣ ጉሙ መንገዱን ሲውጠው የከባድ መኪና ነጂዎች መብራታቸውን አብርተው፣ ፍጥነታቸውን ቀንሰው፣ ረዳቱም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ገደሉን እየተመለከተ ያልፋሉ። በአገራችን ብርድና ውርጭ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከዳዊት መዝሙር ቀጥሎ በሚደገመው በመኃልየ ነቢያት ውስጥ ያለው የሠለስቱ ደቂቅ ጸሎትም አስሐትያንና ቍርን፣ ማለትም ውርጭንና ብርድን፣ ከእሳትና ከዋዕይ ጋራ ፈጣሪያቸውን እንዲያመሰግኑ ይጠራቸዋል። እንግዲህ አመዳዩ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ክፉው የእኛ ቸልታ ነው።

ይህ ቸልታ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ በልደት በዓል ሌሊት ነው። ጃንዋሪ 7 የሚውለው ገናችን በብርዱ ወራት መካከል ይገኛል፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ የጾመው ሕዝብም ማኅሌቱ ተቁሞ፣ ቅዳሴው ተቀድሶ፣ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ በደስታና በድካም ወደ መኪናው ይመለሳል። ይህን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፦ አባት ሞተሩን ያስነሣል፤ አያት ከፊት፣ እናትና የተኙት ልጆች ከኋላ ይገባሉ፤ ነጠላው ሁሉ የዕጣን መዓዛ እንደያዘ ነው። የአምስት ሰው ትንፋሽ የቀዘቀዘውን መስተዋት በነካ ጊዜ የውስጡ ገጽ በአንድ አፍታ ይሸፈናል፤ አባትም በነጠላው ጫፍ አንድ ጊዜ ያብሰውና፣ ጨርቁ ትቶት በሄደው የእርጥበት መስመር ላይ የመንገዱ መብራት ተበትኖ እየታየው፣ ለመፈሰኪያው ዶሮ ወጥ የሚጣደፈውን ቤተሰብ ይዞ ይወጣል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ በዚህ ሌሊት የሚፈሰው ግን ተመልሶ የማይለቀም ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ስለሆነ በዝርዝር ልናገረው። በውስጥ በኩል የሚታየው ጉም ከትንፋሽ የመጣ እርጥበት ስለሆነ፣ ማሞቂያውን ወደ መስተዋቱ አቅንቶ ኤሲውን ከሙቀቱ ጋራ አብሮ መክፈት ያስፈልጋል፤ ኤሲ አየሩን ከማቀዝቀዝ በላይ እርጥበቱን የሚያደርቅ መሆኑን ብዙ ሰው አይገነዘብምና። በመኪናው ውስጥ ያለውን አየር መልሶ መላልሶ የሚያዞረውን ቁልፍ ማጥፋት፣ መስኮቱንም ጥቂት ዝቅ ማድረግ ሥራውን ያፋጥነዋል። በውጭ በኩል የረጋውን አመዳይ የሚያነሣው የፕላስቲክ መፋቂያ ነው፤ ቢላዋና ቁልፍ መስተዋቱን ይጭሩታል፤ የተጫረ መስተዋት ደግሞ የፀሐይን ብርሃን እየበተነ ዕድሜ ልኩን ነጂውን ያስቸግረዋል። ሁለት እጅ የመድኃኒት ቤት አልኮል ከአንድ እጅ ውሃ ጋራ ቀላቅሎ በመርጫ መንፋት አመዳዩን ያቀልጠዋል፤ አልኮል ውሃ ከሚረጋበት ብርድ እጅግ ዝቅ ብሎ እንኳ አይረጋምና። ከሁሉ የሚሻለው ግን ማታውኑ መስተዋቱን በደረቅ ሸራ ሸፍኖ ጫፎቹን በበሮቹ መካከል አስይዞ ማደር ነው።

ሊደረግ የማይገባውም አለ። የፈላ ውሃ ማፍሰስ የመስተዋቱን የውጭ ገጽ በድንገት ሲያሰፋው የውስጡ ገጽ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ይሰነጥቀዋል፤ ይልቁንም ቀድሞ በጠጠር የተመታ ነጥብ ካለበት። ከመስተዋቱ ጋራ ተጣብቆ የረጋውን የዝናብ መጥረጊያ ሳያላቅቁ ማስነሣት ጎማውን ይቀድዳል፣ ሞተሩንም ያቃጥላል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነሥቶ መኪናውን ማሞቅ ነው፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው፣ ሰው ሳይሰማው ይገድላል።

ነጂ አጥርቶ ማየት ይገባዋል የሚለው አሳብ ከመኪና ጋራ እኩል ዕድሜ ያለው ነው። ሜሪ አንደርሰን የተባለች የአላባማ ሴት በብርድ ወራት ኒው ዮርክን ስትጎበኝ የከተማው ባቡር ነጂ በረዶ የቀላቀለው ዝናብ መስተዋቱን ስለሸፈነበት፣ መንገዱን ለማየት የፊቱን መስኮት ከፍቶ በብርድ እየተገረፈ ሲነዳ ተመልክታ፣ ከውስጥ በእጅ የሚንቀሳቀስ መጥረጊያ ፈለሰፈች፤ በ1903ም የባለቤትነት መብት ተሰጣት። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ የካናዳ ድርጅት ጥቅም የማይገኝበት ነገር ነው ብሎ መብቱን ሊገዛት አልፈቀደም፤ እርሷም ከፈጠራዋ ምንም ሳታተርፍ መብቱ ጊዜው አለፈበት። የዛሬ መኪና ሁሉ መስተዋት ግን በእርሷ አሳብ ይጠረጋል።

በእኛ ሰፈር ይህ ግዴታ የሚከብድበት ልዩ ምክንያት አለ። በፒኮ ሮበርትሰን ከሚኖሩት አይሁድ ጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ ሰንበትን አክብረው ቅዳሜ መኪና ስለማይነዱ፣ ሕፃናቱን በጋሪ እየገፉ፣ ሽማግሌዎቹን ደግፈው፣ በእግራቸው ወደ ምኩራብ ይሄዳሉ። በዚያው ሰዓት በፒኮ ጎዳና ወደ ምሥራቅ የሚነዳውን ሰው ዝቅ ብላ የምትወጣው የብርድ ወራት ፀሐይ ፊቱን ትመታዋለች፤ ጤዛ ወይም አመዳይ የቀረው መስተዋትም ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ነጭ መጋረጃ ይለወጣል። ቀዳሚት ሰንበትን የምናከብር ሕዝብ የሌላውን ሰንበት አክባሪ ሕይወት በንዝህላልነት አደጋ ላይ ብንጥል ኃጢአታችን ድርብ ነው። የካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ ሕግም በቁጥር 26708 የነጂውን ጥርት ያለ እይታ የሚጋርድ ነገር በመኪና ውስጥ ማንጠልጠልን ይከለክላል፤ ስለዚህ በመስተዋቱ ፊት የምንሰቅለውን መስቀልና ሥዕለ አድኅኖ፣ ክብሩን በሚጠብቅና መንገዱን በማይከልል ስፍራ ማኖር ይገባናል።

ወደ ሰሜን የሚጓዙት ወንድሞቻችን ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይጠንቀቁ። በላንካስተርና በፓልምዴል የብርድ ወራት ሌሊት ከዜሮ በታች መውረዱ የተለመደ ነው፤ 1,260 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የቴሆን ማለፊያም በፌብሩዋሪ 2023 በበረዶ ምክንያት ተዘግቶ ነበር። ከለስላሳው ሰፈራችን ተነሥቶ ያለ መፋቂያና ያለ ብርድ ልብስ ወደዚያ የሚወጣ ነጂ፣ በሁለት ሰዓት ጉዞ ውስጥ አየሩ ከማያውቀው አገር ይደርሳል።

እንግዲህ የማቀርበው አሳብ አንድ ነው። በዚህ ገና ሌሊት፣ ሥርዐተ ቅዳሴው ተፈጽሞ ሕዝቡ ሲሰናበት፣ የየሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች መፋቂያና ደረቅ ጨርቅ ይዘው ወደ መኪና ማቆሚያው ይሂዱ፤ የአረጋውያንንና የሕፃናት እናቶችን መኪና አስቀድመው ያጽዱ፤ ሽማግሌዎቻችንም መስተዋቱ ዙሪያውን እስኪጠራ ድረስ በአዳራሹ ሙቀት ይቆዩ። አስተናባሪዎችም በቀዳዳ እያየ ሊወጣ የሚሞክረውን ነጂ፣ ማንም ይሁን ማን፣ በትሕትና ግን በጽናት ያቁሙት። የሰበካ ጉባኤዎቻችን ይህን ሥርዐት ዘንድሮ ቢጀምሩት የሚጠይቃቸው ወጪ ጥቂት ዶላርና የጥቂት ወጣቶች በጎ ፈቃድ ብቻ ነው፤ የሚጠብቁትም የራሳችንንና የጎረቤቶቻችንን ሕይወት ነው።