ወደ ጨንቻ ስለሚወጣው አጭር መንገድ

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከተማው ከመድረሱ በፊት በስተቀኝ በኩል ወደ ተራራው የሚታጠፍ አንድ ቅርንጫፍ አለው፡፡ ይህ መንገድ በዶርዜ አልፎ ጨንቻ ይደርሳል፡፡ ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ ያለው ርቀት 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም፡፡ ነገር ግን መንገደኛው ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ2,700 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከሙዝና ከማንጎ አገር ወደ እንሰትና ወደ ፖም አገር ይሸጋገራል፡፡

እንደሚታወቀው ጨንቻ የቀድሞው የጋሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፡፡ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የአስተዳደሩ መቀመጫ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ፡፡ ጽሕፈት ቤቱ ወረደ እንጂ ሕዝቡ አልወረደም፡፡ ሸማኔው ጥበቡን፣ ገበሬው ፖሙን ይዞ ወደ ገበያ የሚወርደው፣ በምጥ የተያዘች እናትም ወደ ሆስፒታል የምትወሰደው በዚሁ መንገድ ነው፡፡ ስለዚህ ለደጋው ሰው ይህ አጭር መንገድ የመንግሥት በር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፡፡

የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ አገራችን ብዙ መንገድ ሠርታለች፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው፡፡ ሆኖም የመንገድን ሥራ በርዝመቱና በምረቃው ቀን ብቻ የመመዘን ልማድ አድሮብናል፡፡ ሪባን የቆረጠውን ሹም ሁሉም ያውቀዋል፤ የውኃ መውረጃውን ቦይ የጠረገውን ሰው ግን ስሙን የሚጠይቅ የለም፡፡

የተራራ መንገድ ጠላቱ ከመኪናው ክብደት ይልቅ ውኃ ነው፡፡ ቦዩ በአፈርና በቅጠል ሲደፈን ጎርፉ በመንገዱ ላይ ያልፋል፤ መጀመሪያ ጠጠሩን፣ ቀጥሎ ዳሩን ይቦረቡራል፡፡ በዶማና በአካፋ በአንድ ቀን ይጠረግ የነበረው ነገር ከወር በኋላ ግሬደርና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፡፡ መንገዱ ሲበላሽ ባለመኪናው ኪራይ ይጨምራል፤ ነጋዴውም ያንኑ ከፖሙ ዋጋ ላይ ይቀንሳል፡፡ የተደፈነውን ቦይ ዕዳ የሚከፍለው እንግዲህ ገበሬው ነው፡፡ አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለዚህ አይደለምን?

«በጀት የለም» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን፡፡ ለአዲስ መንገድ በጀት ሲለመን ለጥገናው አብሮ ካልተለመነ ግን መንገዱ ከመጀመሪያውም ግማሽ ሥራ ነው፡፡ የመንገድ ዳር ነዋሪውንም ሁልጊዜ በነጻ ጥረግ ማለት አይገባም፡፡ ለየአምስት ኪሎ ሜትሩ ደመወዝ ያለው፣ ስሙ የታወቀ ተጠባባቂ ቢመደብ፣ ቦዩም የበልግ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ቢመረመር ብዙ ጥፋት ይቀራል፡፡

በአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ትምህርት ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል፤ ተቋሙም በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፡፡ እንግዲህ ተማሪ ወንድሜና እኅቴ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት ወደ ጨንቻ ውጡ፤ ውኃው የት እንደ ወረደና የት እንደ ታገደ ጽፋችሁ ለሚመለከተው ክፍል አቅርቡ፡፡ ወጣቱ ሹምም ያን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ከመቆለፍ ይልቅ ይዞት ተራራውን ይውጣ፡፡ መንገዱ አጭር ስለሆነ ጧት ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ቢሮው መመለስ ይችላል፡፡