ከዶሮው ማግስት ቢልጫ

የፋሲካ እሁድ ዶሮ፣ ሰኞ በግ፣ ማክሰኞ ደግሞ ከሁለቱ የተረፈው ይሞቃል። 55 ቀን ቅባት ያልነካው ሆድ ይህን ሁሉ በሦስት ቀን ሲቀበል ምን እንደሚሆን፣ ጤና ጣቢያ ስሠራ ከወረፋው አይቼዋለሁ፤ ቃር፣ ቁርጠት፣ ግፊታቸው የወጣ አባወራዎች። ስለዚህ እኔ ቤት ማክሰኞ የአሳ ቀን ነው።

እዚህ ባሕር ዳር ጾሙ ሲፈታ የአሳ ገዢው ስለሚሳሳ ከጣና የወጣውን ትኩሱን መምረጥ ይቻላል። ሰው ግን ያው ቆሮሶ ቆሮሶ ይላል። ቢልጫን እሾሃም ነው ብሎ ያልፈዋል። በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ከ10 በላይ የቢልጫ ዝርያዎች ያሉበት ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ቢልጫን መናቅ ለእኔ አይገባኝም። ሥጋው እንደ ቆሮሶ ለስላሳ አይደለም፤ ጣዕሙ ግን የአሳ ነው።

ስትገዙ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት የሚመለስ ይሁን። ከክንድ ያነሰውን ምረጡ። ቅርፊቱን ፋቁ፣ ሆድ ዕቃውን አውጡ፣ እጠቡና በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። አሁን ዋናው ሥራ መጣ፤ በሁለቱም ጎን ከቆዳው እስከ ጀርባ አጥንቱ ድረስ በስል ቢላዋ ተልትሉት። ትልታሉ ከግማሽ ሳንቲም ሜትር አይስፋ። ሰው የሚፈራው ያ ቀጫጭን እሾህ እዚሁ ይቆራረጣል፤ የቀረውን የጋለ ዘይት ያደርቀዋል። ጥቂት ጨው፣ ሎሚ፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ቀቡት፤ ዱቄት ነስንሳችሁ ጥበሱት። ጠርዙ ሳይቀላ አታገላብጡ። ግፊት ላለበት ሰው አዋዜው ይቅር፤ ሎሚና ቃሪያ ይበቃዋል። ጭንቅላቱን አትጣሉ፣ ሾርባ ይሆናል።

ጥሬውን ወይም ለብለቡን የምትወዱ አትቆጡኝ፤ በአሳ ሥጋ ውስጥ ጥገኛ ትል ሊኖር ይችላል። እሳት ይገድለዋል፣ ሎሚና ሚጥሚጣ አይገድሉትም።

የጎን አጥንቱ ግን በጥብስም አይለሰልስም። ለትንንሾቹ ሥጋውን በጣታችሁ እየፈተጋችሁ፣ እሾህ አለመኖሩን እየዳሰሳችሁ ስጡ። የበዓል ጉርሻችን ለአሳ አይሆንም፤ በተለይ ለሕፃን። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያላችሁ አያቶችም እንደዚያው ተጠንቀቁ፤ ላንቃችሁ ስለተሸፈነ እሾሁ ጉሮሮ እስኪደርስ አይታወቃችሁም።

ከተሰካ ደግሞ የእንጀራ ጉርሻ ወይም ደረቅ ዳቦ ማስዋጥ የቆየ ልማድ ነው። አታድርጉት፤ እሾሁን ይበልጥ ወደ ውስጥ ሊሰካው ይችላል። ጣት መስደድም አይገባም። ያስል፣ ውሃ ፉት ይበል። ሕመሙ ካልለቀቀ፣ ደም ካየ ወይም ምራቁን መዋጥ ካቃተው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ትንፋሹ ካጠረ ግን ማዕዱን ትታችሁ ወዲያውኑ ውሰዱት፤ በዓል ነው፣ ሐኪም አይገኝም አትበሉ፤ የድንገተኛ ክፍል ተረኛ በፋሲካም አለ።