ስለ ማዘርቦርድ ክብር

የዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ሊያስገጣጥም ወደ ሱቅ የገባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፕሮሰሰሩ ነው፤ ኮር አይ 5 ነው ወይስ አይ 7፣ ራይዘን 5 ነው ወይስ ራይዘን 7 እያለ የማዕረጉን ቁጥር ይመረምራል፣ ገንዘቡንም በዚያው ላይ ካፈሰሰ በኋላ ከኪሱ የተረፈችውን ለማዘርቦርዱ ይጥልለታል። እኔ ግን ይህ የአመራረጥ ሥርዐት ተገልብጦ የቆመ ነው ባይ ነኝ፤ ፕሮሰሰር በጥቂት ደቂቃ ከሶኬቱ ተነቅሎ በሌላ የሚተካ ዕቃ ሲሆን፣ የትኛው ፕሮሰሰር፣ የትኛው ራም፣ ስንትስ ዲስክ ሊገባ እንደሚችል አስቀድሞ የሚወስነው ማዘርቦርዱ ነውና።

ለዚህ ምስክር የሚሆነኝ የኤኤምዲ ኩባንያ ኤኤም4 የተባለው ሶኬት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ወጥቶ በ2017 የመጀመሪያዎቹን ራይዘኖች የተቀበለው ይህ ሶኬት፣ በ2022 የወጣውን ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲን ለማስተናገድ እስኪበቃ ድረስ ዕድሜው ረዝሟል። ይህ ጸጋ ግን ያለ ክርክር የተገኘ አይደለም፤ በ2020 ኩባንያው አዲሶቹ ፕሮሰሰሮች በ500 ተከታታይ ቦርዶች ላይ ብቻ ይሠራሉ ብሎ አስታውቆ ነበር፤ ምክንያት ያደረገውም በብዙዎቹ አሮጌ ቦርዶች ላይ የባዮሱ፣ ማለትም ቦርዱን የሚያስነሣው ፕሮግራም፣ ማኅደር 16 ሜጋባይት ብቻ በመሆኑ የፕሮሰሰሮቹን ሁሉ መረጃ ለመያዝ መጥበቡን ነው። ገዢዎች አቤቱታቸውን ባሰሙ ጊዜ ግን ብዙ ሳይቆይ ውሳኔውን አሻሽሎ ለ400ዎቹ ፈቀደ፤ በ2022 ደግሞ ለ300ዎቹም ጭምር በሩን ከፈተ። ማኅደሩ ጠበበ ከተባለ በኋላ ቦታ መገኘቱን ልብ ይሏል።

በአንጻሩ ኢንቴል በ2015 ያወጣው ኤልጂኤ1151 ሶኬት በ2017 ለስምንተኛው ትውልድ ሲደርስ፣ የእግሮቹ ቍጥር ያው፣ ቅርጹም ያው ሆኖ ሳለ፣ አሮጌው ቦርድ አዲሱን ፕሮሰሰር አልቀበልም አለ። ኩባንያው የኤሌክትሪክ አቅርቦት ጉዳይ ነው ቢልም፣ ባዮሱን በገዛ እጃቸው ያረሙ የሙያው ወዳጆች በአሮጌው ቦርድ ላይ አዲሱን ሲያሠሩ ታይተዋል። ለፍትሕ ያህል፣ በ2021 የመጣው ኤልጂኤ1700 ከ12ኛው እስከ 14ኛው ትውልድ አገልግሏል።

ስለ ኤሌክትሪክ ካነሣን፣ ከኃይል ሳጥኑ የሚመጣውን 12 ቮልት ወደ አንድ ቮልት ገደማ አውርዶ ለፕሮሰሰሩ የሚመግበው በሶኬቱ ዙሪያ የተደረደረው ክፍል ነው፤ ርካሽ ቦርድ ገንዘብ የሚቈጥበውም በዚሁ ላይ ነው። ኮር አይ9 13900ኬ በሙሉ ኃይሉ እስከ 253 ዋት ይወስዳልና፣ እርሱን በደካማ ቦርድ ላይ ማስቀመጥ ታላቁን ደወል በሸምበቆ ላይ እንደ መስቀል ነው፤ ክፍሉ ይግላል፣ ፕሮሰሰሩም ፍጥነቱን ቀንሶ ይኖራል፣ ባለቤቱም የገዛውን ማዕረግ ሙሉ ፍሬ ሳያይ ይቀራል።

ዕቃው ሁሉ በውጭ ምንዛሪ በሚገባበት አገራችን የቦርድ ምርጫ ጉዳይ ከሌላው አገር ይልቅ ይከብዳል። ስለዚህ አዲስ የሚጀምር ሰው፣ በ2022 በወጣውና ኩባንያው እስከ 2027ና ከዚያም በኋላ እደግፈዋለሁ ባለው በኤኤም5 ሶኬት ላይ፣ ደኅና የቢ650 ቦርድ ይዞ በባለ ስድስት ኮሩ ራይዘን 5 7600 ቢጀምር እመርጣለሁ፤ ይህ ሶኬት ዲዲአር5 ራም ብቻ ስለሚቀበል አሮጌው ራም ከንቱ መቅረቱ ግን አይቀርም። ከ400ዎቹ የኤኤም4 ቦርዶች አንዱ የሆነው ቢ450 በእጁ ያለው ደግሞ ቦርዱን ሳይጥል ራይዘን 7 5700ኤክስ ይግጠምበት። በመደብር ብዙ የቆየ ቦርድ የሚገዛ ሰው የባዮሱን ዕትም ሳይጠይቅ ገንዘቡን አይክፈል፤ ፕሮሰሰር ሳይገባበት በፍላሽ ባዮሱን የሚያድስ ቦርድ ካልሆነ በቀር፣ አዲሱን ፕሮሰሰር እስኪያውቀው ድረስ አሮጌ ፕሮሰሰር ከሰው በውሰት መለመን ግድ ይሆንበታል።