ትልቁና ትንሹ ፊደል አንድ አይደሉም

በፊዚክስ መለኪያዎች ትንሹ «ኤም» ሚሊን፣ ትልቁ «ኤም» ደግሞ ሜጋን ይወክላል። ሁለቱን ያምታታ ተማሪ መልሱ በአንድ ቢሊዮን እጥፍ ይዛባበታል። በኤክስ ኤም ኤል የጻፈውን ሰነድ በሲ ኤስ ኤስ የሚያስጌጥ ተማሪም ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

ብዙዎች ድረ ገጽ መሥራት የሚጀምሩት በኤች ቲ ኤም ኤል ነው። በዚያ ቋንቋ የኤለመንት ስም በትልቅም ሆነ በትንሽ ፊደል ቢጻፍ ለውጥ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1998 የጸደቀው ኤክስ ኤም ኤል ግን ሁለቱን እንደ ተለያዩ ስሞች ይቆጥራል። ስለሆነም በሰነዱ ውስጥ በትልቅ ፊደል የጀመረ ስም በሲ ኤስ ኤስ ደንቡ ላይ በትንሽ ፊደል ከተጻፈ ደንቡ አይሠራም።

እጅግ አሳሳቢው የስሕተቱ ዝምታ ነው። የመክፈቻና የመዝጊያ ምልክቶች ፊደል ሲለያይ ፕሮግራሙ ስሕተቱን አሳውቆ ሥራውን ያቆማል፤ የሲ ኤስ ኤስ ደንብ ከስሙ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ግን ጽሑፉ ያለ ጌጥ ይቀርባል እንጂ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

«የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውምና በአማርኛ ብንሰይም እንገላገላለን» የሚል ይኖር ይሆናል። በእርግጥ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የኤክስ ኤም ኤል 1.0 አምስተኛ እትም በፊደላችን መሰየምን ፈቅዷል። ይሁን እንጂ «ዓመት» እና «አመት» ለጆሯችን አንድ ቢሆኑም ለኮምፒዩተሩ ሁለት ናቸው።

እንግዲህ በእኔ እምነት መፍትሔው አንድ ወጥ አጻጻፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ኤክስ ኤች ቲ ኤም ኤል የኤለመንት ስሞች ሁሉ በትንሽ ፊደል እንዲጻፉ ደንግጓል። ተማሪዎችም ይህንኑ ልማድ ከመጀመሪያው ሰነዳቸው አንሥተው ቢይዙ፣ መምህራንም እንደ መለኪያ አጻጻፍ ሁሉ ቢያርሙት ብዙ የባከነ ሰዓት ይተርፋል።