ቁጥር 26 የማን ልክ ነው?

በአዲስ አበባ ብስክሌት ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «ስንት ቁጥር?» የሚል ነው። መልሱም የተለመደ ነው፤ ለሕፃን 16 ወይም 20፣ ከፍ ላለ ልጅ 24፣ ለአዋቂ 26፣ ቁመተ ረጅም ለሆነ 29። ከዚያ ቀለም ይመረጣል፣ በዋጋ ይከራከራሉ፣ ጎማው እስኪደርቅ ይነፋል፣ ገዢውም ይዞት ይሄዳል። የእግሩ ርዝመት ስንት እንደሆነ፣ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን፣ በየትኛው መንገድ ሊነዳው እንዳሰበ የሚጠይቀው ሰው እምብዛም የለም። እሱም ካልተጠየቀ አይናገርም። ይህ ልማድ ስህተት ነው። ጉልበት ያሳምማል፣ ሰው ይጥላል፣ ገና ዳዴ የሚለውን የከተማዋን የብስክሌት ጉዞም ከሥሩ ያዳክማል።

ጉዳዩ ንፋስ ስልክ ላፍቶን በተለይ ይመለከታል። ከለቡ እስከ ጀሞ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የብስክሌት መንገድ የተሠራው በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። የከተማው አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አለው፤ አገር አቀፉ ደግሞ ከ2020 እስከ 2029 ይዘልቃል። ጎዳና ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛና ለብስክሌት የሚለቀቅበት «መንገድ ለሰው» እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ተጀምሯል። በኮሪደር ልማት የታደሱት ጎዳናዎችም የብስክሌት መስመር ይዘው መጥተዋል። ስለ መንገዱ ብዙ ተብሏል፣ ብዙ ገንዘብም ወጥቶበታል። መንገዱ ላይ ስለሚወጣው ብስክሌትና ኮርቻው ላይ ስለሚቀመጠው ሰው ግን የሚነገረው እጅግ ጥቂት ነው።

«ቁጥር» የሚባለው የጎማው ዲያሜትር በኢንች ነው፣ ያውም በግምት። የሰው ልክ አይደለም። ባለ 26 ጎማ ብስክሌት ፍሬሙ 14 ኢንች ሊሆን ይችላል፤ 17ም፣ 21ም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ቁመቷ 1 ሜትር ከ50 ለሆነ ሴት ሊስማማ ይችላል፤ የመጨረሻው የሚሆነው ከ1 ሜትር ከ85 በላይ ለሆነ ሰው ነው። ሱቅ ውስጥ ግን ሁለቱም «26» ተብለው ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ ገዢውም በቀለማቸው ይለያቸዋል።

ቁጥሩ ጎማውን ራሱን እንኳ በቅጡ አይገልጽም። የተለመደው የማውንቴን ብስክሌት 26 ጎማ የሚቀመጥበት ቸርኬ ዲያሜትሩ 559 ሚሊ ሜትር ነው። በድሮው ሥሪት 26 በ1⅜ የሚባለው ግን 590 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ይፈልጋል። በአንጻሩ 700ሲ እና 29 ተብለው እንደ ሁለት ነገር የሚሸጡት ጎማዎች የሚገቡት በአንድ ዓይነት 622 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ላይ ነው። ባለ ትልቅ ጎማው የድሮ ቻይና ሠራሽ 28 ደግሞ 635 ነው። «26 ጎማ ስጠኝ» ብሎ ገዝቶ ጎሚስታው ዘንድ ሲደርስ አልገባ የሚለው ሰው የከሰረው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው እዚያው ጎማው ጎን ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። «50-559» የሚል ከሆነ ስፋቱ 50፣ ቸርኬው 559 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣለት አጻጻፍ ነው፤ ሻጩም ገዢውም ማየት ያለባቸው እሱን ነው።

የዚህ ልማድ የመጀመሪያ ተጎጂዎች ልጆች ናቸው። እንደ ጫማና እንደ ዩኒፎርም ሁሉ ብስክሌትም «ያድግበታል» ተብሎ ይገዛል። የሰፋ ጫማ ጨርቅ ተወትፎበት ዓመቱን ይገፋል። የሰፋ ብስክሌት ግን እንዲህ አይታለፍም፤ የልጁ እግር መሬት አይደርስም፣ ጣቶቹ የፍሬኑን ማንሻ ጠቅልለው አይጨብጡም፣ በድንገት መቆም ሲኖርበት ከኮርቻው ተንሸራቶ ብረቱ ላይ ያርፋል። ፍሬን መያዝ ያልቻለን ልጅ መንገድ ላይ ማውጣት ቁጠባ ሊባል አይችልም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ብስክሌቱ ልኩ ሲሆን ደግሞ ልጁ ፈርቶ ትቶታል፣ ወይም ብስክሌቱ ወዳድቆ አልቋል።

አዋቂውም ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ የብዙ ሰው ኮርቻ ከሚገባው በታች ዝቅ ያለ ነው፤ ነጂው እንደተቀመጠ ሁለቱም እግሮቹ መሬት እንዲረግጡ ስለሚፈለግ ነው። ኮርቻው ዝቅ ሲል ጉልበት በእያንዳንዱ ዙር ከልክ በላይ ይታጠፋል፣ ጫናው ጉልበቱ ፊት ለፊት ላይ ይከማቻል፣ ሕመሙም እዚያው ይጀምራል። ከልክ በላይ ከፍ ሲል ደግሞ ዳሌ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፣ ሕመሙ ወደ ጉልበት ጀርባና ወደ ወገብ ይዞራል። ከሳሪስ ወደ ጎፋ ሽቅብ ገፍቶ ጉልበቱን ያመመው ሰው «ብስክሌት ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። ያልሆነው ግን የኮርቻው ከፍታ ነው።

ልክ ለመውሰድ ሜትርና መጽሐፍ ይበቃል። ሰውየው ጫማውን አውልቆ ጀርባውን ለግድግዳ ይሰጣል፣ እግሮቹን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ያራርቃል። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮቹ መካከል አስገብቶ፣ ኮርቻ ላይ የተቀመጠ ያህል እስኪጫነው ድረስ ወደ ላይ ይገፋዋል። የመጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ ግድግዳውን የነካበት ቦታ በእርሳስ ምልክት ይደረግበትና ከወለል እስከዚያ ይለካል። 80 ሴንቲ ሜትር ከመጣ በ0.883 ይባዛል፤ 70.6 ይሆናል። ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት ዘንግ መሃል እስከ ኮርቻው አናት ሊኖር የሚገባው ርቀት ይኸው ነው። ቀመሩን ያስተዋወቀው ቱር ደ ፍራንስን 3 ጊዜ ያሸነፈው አሜሪካዊው ግሬግ ሌመንድ ነው፤ የተማረውም ከፈረንሳዊው አሠልጣኙ ከሲሪል ጊማር ነው። ቀመሩ መነሻ ነው፤ ማረጋገጫው ጉልበት ነው። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ድርቅ ብሎ ሳይዘረጋ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ያህል መታጠፍ አለበት። ቁመታቸው እኩል 1 ሜትር ከ70 የሆኑ ሁለት ሰዎች የእግራቸው ርዝመት በ5 ሴንቲ ሜትር ሊለያይ ስለሚችል ቁመት ብቻውን ማንንም አይለካም።

ይህን ነገር በረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ሰዎች ቀድመው ተረድተውታል። በአልፓይን ስኪ ሕግ የወንዶች ስላሎም ስኪ ከ165 ሴንቲ ሜትር፣ የዳውንሂል ስኪ ደግሞ ከ218 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። የአንድ ተወዳዳሪ ቁመት በሁለቱ ውድድሮች መካከል አይለወጥም፤ የስኪው ርዝመት ግን ከ50 ሴንቲ ሜትር በላይ ይለያያል። አንዱ ቶሎ ቶሎ መታጠፍን ይፈልጋል፣ ሌላው በከባድ ፍጥነት መረጋጋትን። ልቅ በሆነ አዲስ በረዶ ላይ ሰፋና ረዘም ያለው ስኪ ሰውን ያንሳፍፋል፤ በደደረ በረዶ ላይ ጠባቡ በጠርዙ ይነክሳል። አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የክረምት ኦሊምፒክ ተወዳዳሪ የሆነበት አገር አቋራጭ ስኪ ደግሞ ከቁመት ይልቅ ክብደትን ያያል። የስኪው መሃል ወደ ላይ የጎበጠ ነው፤ ሰውየው በአንድ እግሩ ሲረግጥ መሃሉ በረዶውን መንካት፣ በሁለቱ ሲንሸራተት መነሳት አለበት። ለ80 ኪሎ ሰው የተሠራው ስኪ ለ60 ኪሎው አይተኛለትም።

ንፋስ ስልክ ላፍቶ በረዶ የለባትም፤ የሚለዋወጥ መሬት ግን አላት። ከለቡ ወደ ጀሞ የሚሄደው ሰው አስፋልት ላይ ይነዳል። ወደ ኮንዶሚኒየሞቹ ሲታጠፍ ኮብልስቶን ይቀበለዋል። ወደ ሀና ማርያምና ወደ አዳዲሶቹ ሰፈሮች ጠርዝ ሲዘልቅ፣ በተለይ ሰኔ ከገባ በኋላ፣ ዋልካው ይጠብቀዋል። ለነዚህ ሁሉ ገበያው ያለው መልስ አንድ ነው፤ «መንገዳችን መጥፎ ስለሆነ ጥርሱ ትልልቅ የሆነ ወፍራም ጎማ ይሻላል።» ይህ አባባል ለሦስቱም መንገዶች አይሠራም።

አስፋልት ላይ እነዚያ ጥርሶች እየተጣጠፉ የነጂውን ጉልበት ይበላሉ፤ ጉምጉምታቸው የሚሰማውም ለዚህ ነው። «ጥርስ ከሌለው በዝናብ ያንሸራትታል» የሚለው ከመኪና የመጣ ፍርሃት ነው። የመኪና ጎማ ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሆነ በፍጥነት ሲሄድ ውኃ ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል። የብስክሌት ጎማ ግን ጠባብና ክብ ነው፤ በብስክሌት ፍጥነት ውኃውን ራሱ ገፍቶ አስፋልቱን ያገኛል። ለስላሳው ጎማ እርጥብ አስፋልት ላይ ከባለ ጥርሱ የበለጠ ላስቲክ ያስነካል። ክረምት ላይ ሰው የሚጥሉት የመንገድ ቀለም፣ የብረት የፍሳሽ ክዳንና አስፋልት ላይ የቀረ ጭቃ ናቸው፤ እነሱ ላይ የጎማ ጥርስ ብዙ አይረዳም፣ ፍጥነት መቀነስና መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ እንጂ።

ኮብልስቶን ላይ የሚፈለገው ስፋትና ዝቅ ያለ ነፋስ ነው። ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ጥርብ ድንጋይ የሚያቋርጠው የፓሪስ–ሩቤ የብስክሌት ውድድር ለዚህ ምስክር ነው። ከ20 ዓመት በፊት በአስፋልት ውድድር 23 ሚሊ ሜትር ጎማ የተለመደ ነበር፤ ዛሬ ሩቤ ላይ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ጎማ በዝቅተኛ ግፊት ይነዳል፣ ፍጥነቱም አልቀነሰም። ድንጋይ የመሰለ ጎማ እያንዳንዱ ኮብል ላይ ይዘላል፤ የዘለለ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይዝም፣ ወደፊትም አይገፋም። ጀሞ ውስጥ ግን ጎማ የሚነፋው በአውራ ጣት ተጭኖ አልጎደጉድ እስኪል ድረስ ነው። ጎኑ ላይ ለምሳሌ ከ40 እስከ 65 ፒ.ኤስ.አይ የሚል የግፊት ልክ ከተጻፈ 65 ጣሪያው ነው፤ ግብ አይደለም። 55 ኪሎ የምትመዝን ነጂ እና 85 ኪሎ የሚመዝን ነጂ እኩል መንፋት የለባቸውም፤ ክብደት የሚበዛበት የኋላው ጎማም ከፊቱ ትንሽ ይጠነክራል። ከልክ በላይ ካነሰ ደግሞ ድንጋይ ጠርዝ ላይ የውስጥ ጎማው ከቸርኬው ጋር ተቆንጥጦ ይፈነዳል። ስለዚህ የግፊት መለኪያ ያስፈልጋል።

ባለ ጥርሱ ጎማ ተገቢ ቦታ የሚያገኘው ጭቃ ላይ ነው። እዚያም ቢሆን ወፍራሙ አይመረጥም። ዋልካ ሰፊ ጎማ ላይ እየተጠቀለለ በፍሬሙና በፍሬኑ መካከል ይወተፋል፣ መንኮራኩሩንም ያቆመዋል። ጭቃ ውስጥ የሚካሄደው የሳይክሎክሮስ ውድድር የጎማ ስፋት ጣሪያው 33 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጠበብ ያለው ለስላሳውን ጭቃ ሰንጥቆ ጠንካራውን መሬት ይፈልጋል፣ ተራርቀው የተተከሉት ጥርሶቹም ጭቃውን ይጥላሉ። መንገዱ አስፋልትና ኮብል ለሆነው ለአብዛኛው የጀሞና የለቡ ነጂ ግን ስፋቱ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር፣ መሃሉ ለስላሳ የሆነ ጎማ ይበቃዋል።

ነጋዴዎች የሚያነሱት መከራከሪያ አለ። ከውጭ የሚገባው ያገለገለ ብስክሌት ተደባልቆ ይመጣል፣ የፈለጉትን ልክ መርጦ ማምጣት አይቻልም ይላሉ። እውነት ነው። የመጣውን ለክቶ ለሚገባው ሰው መስጠት ግን ይቻላል። የተደባለቀ ጭነት ውስጥ ትንሹም ትልቁም ፍሬም አለ፤ ችግሩ ትንሹ ለረጅሙ፣ ትልቁ ለአጭሩ መሸጡ ነው። ገዢውም «ኪሴ የሚፈቅደውን ነው የምገዛው» ይላል። በአንድ ዋጋ ከቆሙት ሁለት ብስክሌቶች የሚሆነውን መምረጥ ግን ተጨማሪ ብር አያስወጣም።

በዚህ ልማድ ከልጆች ቀጥሎ የሚጎዱት ሴቶች ናቸው። ገበያው ላይ የሚበዛው ፍሬም ለወንድ ቁመት የተሠራና የላይ ብረቱ ከፍ ያለ ነው። 1 ሜትር ከ55 የሆነች ሴት 19 ኢንች ፍሬም ላይ ስትወጣ መሪው ይርቃታል፣ ለመቆም ስትወርድ ብረቱ ይይዛታል። ሁለት ቀን ሞክራ ስትተወው ምክንያቱ ድፍረት ማጣት ወይም ባህል ተደርጎ ይነገራል። ባሕር ዳር ውስጥ ሴቶች በብስክሌት ሥራና ገበያ ሲሄዱ ማየት የቆየ ነገር ነው። አዲስ አበባ ሴት ነጂዎች አነሱኝ የምትል ከሆነ ከስብከት በፊት ልክ የሆነ ፍሬም ታቅርብ።

ዕውቀቱ አገር ውስጥ የለም ማለትም አይቻልም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሳተፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ልካለች። የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በዚያ ደረጃ የሚወዳደር ሰው ኮርቻው በሚሊ ሜትር ተለክቶለት ነው የሚወጣው። የክለብ አሠልጣኞችና መካኒኮች ይህን ያውቃሉ፤ ዕውቀታቸው ግን ሰፈር ሱቅና ጎሚስታው ዘንድ አልወረደም።

ለማውረድ ደግሞ አዲስ ተቋም አያስፈልግም። ሻጭ በየብስክሌቱ ላይ የፍሬሙን ልክ በኢንች ወይም በሴንቲ ሜትር ይለጥፍ፤ ጎማ ሲሸጥ ባለ ሁለት ክፍሉን ቁጥር ይናገር። ጎሚስታው ግፊት የሚለካ ፓምፕ ይያዝ፣ ከመንፋቱም በፊት የነጂውን ክብደት ይጠይቅ። «መንገድ ለሰው» በሚካሄድበት ቀን አንድ ሜትር፣ አንድ መጽሐፍና አንድ የኮርቻ መፍቻ የያዘ መካኒክ ጥግ ላይ ይቀመጥ፤ ለአንድ ሰው አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ለኪራይ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለሠራተኞቻቸው ብስክሌት በብዛት የሚገዙ መሥሪያ ቤቶችም የግዥ ሰነዳቸው ላይ «ቁጥር 26» ብለው አይለፉ፤ ቢያንስ ሦስት የፍሬም ልክ፣ ከነዚህም አንዱ የላይ ብረቱ ዝቅ ያለ፣ ለመንገዱ የሚሆን የጎማ ስፋት፣ ያለ መፍቻ ከፍና ዝቅ የሚል ኮርቻ ብለው ይጻፉ። አቅራቢው የተጻፈውን ያመጣል፤ እስከ ዛሬ የተጻፈለት ቁጥሩ ብቻ ስለሆነ ያመጣውም እሱኑ ነው።