ለሸለምጥማጥ ብላችሁ ከለገሃር መርዝ አታምጡ

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ኮስተር ያለ ነው፤ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ለሕክምናም ይሁን ዘመድ ለመጠየቅ አዲስ አበባ የሄደ ሰው ለገሃርን ማለፉ አይቀርም። እዚያ መንገድ ዳር ድምፅ ማጉያ ይዞ የአይጥ፣ የበረሮ፣ የትኋን መድኃኒት እያለ የሚጣራ ሻጭ አይጠፋም። ላስቲክ ላይ የተዘረጋ ዱቄት፣ በትንሽ ክዳን ተሰፍሮ በወረቀት የሚጠቀለል ነገር። ስም የለው፣ የተመረተበት ቀን የለው፣ አጠቃቀም የለው። ርካሽ ስለሆነ ይገዛና በኮት ኪስ ገብቶ አገር ቤት ይደርሳል። ከዚያ ዶሮ የበላውን አውሬ ለመበቀል ሥጋ ወይም እንቁላል ውስጥ ተጨምሮ ማታ ጓሮ ይቀመጣል። ይኼ ነገር መቆም አለበት።

ንዴቱ እንኳ ይገባኛል። የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የ45 ቀን ጫጩት የገባበት ቤት ብዙ ነው። ብር ወጥቶበት፣ መኖ ተገዝቶለት፣ ክትባት ተሰጥቶት፣ እንቁላል ሊጥል ትንሽ ሲቀረው ጠዋት በሩን ስትከፍቱ ስድስት ሰባቱ አንገታቸው ተነክሶ ተዘርረው ማግኘት ያንገበግባል። ሸለምጥማጥ ዶሮ ቤት ከገባ አንድ በልቶ አይወጣም፤ ሲንጫጩና ሲራወጡበት ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። የሐበሻ ዶሮ እንኳ ቆጥ ላይ ትሰፍራለች፣ ኮሽ ሲል ብር ትላለች። ሳሶ ግን ከባድ ናት፤ መሬት ላይ ተኝታ ትጠብቀዋለች።

ግን እስኪ ልጠይቃችሁ፤ ሌባው ማን እንደሆነ በዓይናችሁ አይታችኋል? ቀን በጠራራ ፀሐይ ጫጩት ከጠፋ ጭልፊት ወይም ሙጭልጭላ ሊሆን ይችላል። ማታ ከሆነ ሸለምጥማጥ፣ ወይ የጎረቤት ድመት፣ ወይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ውሻ። ትንንሽ ጫጩት ከሆነ ደግሞ አይጥም ይበላል፤ ይኼን ብዙ ሰው አያምነኝም። ማታ የዶሮ ቤቱ በር ላይ አመድ ነስንሳችሁ ጠዋት ዱካውን እዩ። ወጪ የለውም። መርዝ ግን ዱካ አይለይም፣ ቀድሞ የደረሰውን ይገድላል። ጓሯችሁ ውስጥ ቀድሞ የሚደርሰው ደግሞ የራሳችሁ ውሻ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ጅብ ሲያባርርላችሁ የሚያድረው ውሻ። እሱ ሜዳ ላይ ሲሞት ጥንብ አንሳው ይበላዋል፣ እሱም ይከተላል። ያስመለሰውን ደግሞ ዶሮዎቻችሁ ይጭሩታል። ዶሮ ለማዳን የተቀመጠ መርዝ ዶሮ ሲጨርስ ምን ይባላል?

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ልጅ ነው። መርዝ የገባበት እንቁላልና ጤነኛው እንቁላል ለአራት ዓመት ሕፃን አንድ ናቸው። ስለ መርዞቹ ይኼን እወቁ። ለእህል ነቀዝ የሚሸጠው ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል፤ እርጥበት ሲነካው መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ለአይጥ የሚሸጠው ጥቁር ግራጫ ዱቄት ብዙ ጊዜ ዚንክ ፎስፋይድ ሲሆን ሆድ ውስጥ ሲገባ ያንኑ ጋዝ ይፈጥራል። ለሁለቱም ማርከሻ የላቸውም። ሌላ ዓይነት የአይጥ መርዝ ደግሞ አለ፤ ደም እንዳይረጋ አድርጎ ከቀናት በኋላ ይገድላል፤ ለዚህኛው ቫይታሚን ኬ የሚባል መድኃኒት አለው። እንግዲህ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ምንድን ነው የዋጠው?» ብሎ ነው። ከለገሃር ያመጣችሁት ምን ተብሎ ይነገረዋል? የተጠቀለለበት የጋዜጣ ቁራጭ ላይ ያለው የስፖርት ዜና ነው። ድንገት ቢደርስ ወተት ስጡት፣ ዘይት ግቱት የሚለውን አትስሙ፣ በግድም አታስመልሱ፤ የተረፈውን መርዝ ከነመጠቅለያው ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

ሕጉም ከእናንተ ጋር አይደለም። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበና መለያ ጽሑፍ የሌለው ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ ይከለክላል። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ደግሞ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደልን ይከለክላል። ሻጩ ነገ ቦታ ይቀይራል፤ ተጠያቂ ሆኖ የሚቀረው ገዢው ነው።

«ታዲያ ሸለምጥማጡ ዶሮዬን እየበላ ዝም ልበል?» የሚለኝ አለ። ዝም በል አላልኩም። ሸለምጥማጥ ዋና ምግቡ ዶሮ አይደለም፤ አይጥ ነው። እሱን ስትገድሉ ጎተራችሁን የሚጠብቅ ጠፋ ማለት ነው። አይጡ ይበዛል፣ ጤፉን ይበላል፣ እናንተም ተመልሳችሁ ለገሃር ትሄዳላችሁ። ለሻጩ ጥሩ ንግድ ነው።

የሌላ አገር ምሳሌ ልንገራችሁ። በስኮትላንድ በስተ ምዕራብ ሄብሪዲስ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። እዚያ ሚንክ የሚባል፣ ከሸለምጥማጥ ትንሽ የሚያንስ አውሬ አለ። አገሩ አሜሪካ ነው፤ ለቆዳው ሲባል በእርባታ ተይዞ ሳለ አመለጠና የገበሬውን ዶሮም፣ መሬት ላይ የሚፈለፍሉትን የባሕር ወፎችም ፈጀ። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዘመቻ ሲያጠፉት በምን ይመስላችኋል? በወጥመድ ነው። አውሬው ገብቶ በሩ የሚዘጋበት ሣጥን፤ ሰው በየቀኑ እየዞረ የሚያየው፤ ሌላ እንስሳ ከገባበት የሚለቀቅበት። መርዝ አልነሰነሱም። እነሱ ባዕድ አውሬን ከአገራቸው ሊያጠፉ ሲፈልጉ እንኳ ማን እንደተያዘ ሳያዩ አይገድሉም። የእኛው ሸለምጥማጥ ግን እዚሁ የተፈጠረ፣ አይጥ የሚበላልን እንስሳ ነው።

የሣጥን ወጥመድ እዚህም ይሠራል፤ ግን መጀመሪያ ለቀበሌና ለወረዳ አሳውቃችሁ ፈቃድ ይዛችሁ ነው። አሽክላ አታጥምዱ፤ የጥጃ እግር ይይዛል።

ከወጥመድም በፊት የዶሮ ቤታችሁን እዩት። ሸለምጥማጥ ራሱ የገባለት ቀዳዳ መላ ሰውነቱ ይገባለታል፤ ስለዚህ ተራ የዶሮ ሽቦ በሰፊ ዓይን አይበቃም፣ ጠበብ ያለና ጠንካራ ሽቦ ይሁን። ሽቦው መሬት ውስጥ አንድ ክንድ ይቀበር፤ ቆፍሮ የሚገባ አለና። ቤቱን ከመሬት ከፍ ያደረጋችሁ እግሮቹን በቆርቆሮ ቁራጭ ጠቅልሉ፤ ጥፍር አይዝበትም። በጣሪያው አጠገብ ያለ የዛፍ ቅርንጫፍ ይቆረጥ። በሩ ዶሮ ሲሰፍር ይዘጋ፣ መዝጊያውም ተገፍቶ የማይከፈት ይሁን። በአብዛኛው ጥቃት የሚደርሰው በሩ ሳይዘጋ በታደረበት ሌሊት ነው፣ ይኼን ከልጆቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት። የተረፈ መኖም ማታ አታሳድሩ፤ መኖ አይጥ ይጠራል፣ አይጥ ሸለምጥማጥ ይጠራል።

ባልደረቦቼንም አንድ ነገር ልበላቸው። ጫጩት ስናከፋፍል ቁጥሩ ሪፖርት ላይ ይሰፍራል። ጫጩቱ የሚገባበት ቤት በር እንዳለው ግን ሪፖርት የሚጠይቅ ቅጽ አላየሁም። በር የሌለው ቤት ውስጥ ሃያ አምስት ጫጩት ማስገባት ሸለምጥማጥን መቀለብ ነው። ከዚያ በኋላ ገበሬውን «ለምን መርዝ ገዛህ» ብሎ መቆጣት አይቻልም። መጀመሪያ ቤቱ ይታይ፣ ከዚያ ጫጩቱ ይሰጥ።

አሁን ቤታችሁ የተቀመጠ መርዝ ያላችሁ፣ ወንዝ ውስጥ አትጣሉት፣ እሳት ውስጥም አትጨምሩት፣ ውሃ አታስነኩት። ከምግብና ከልጅ እጅ አርቃችሁ በደረቅ ቦታ ቆልፉበትና ወደ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ደውሉ። ጓሮ ያስቀመጣችሁት ሥጋ ወይም እንቁላል ካለም ዛሬውኑ፣ ዶሮዎቹ ከመፈታታቸው በፊት አንሡት፤ በባዶ እጅ ግን አይሁን።